የቦኖ አማርኛ

እህተማርያም በየጠዋቱ ፎቶ ቤቷን ከከፈተች በኋላ መጀመሪያ የምትሠራው መስታወቱን መወልወል ነው። ከአሮጌ ጋዜጣ አንድ ገጽ ትገነጥላለች፤ ውሃ ታርከፈክፍበታለች፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች ትፈትጋለች። ሳታረጥበው በፊት ግን ታነበዋለች። ጋዜጣው ዳንግላ የሚደርሰው የዕቃ መጠቅለያ ሆኖ ስለሆነ ወሬው ሁሉ ያለፈበት ነው። እሷም የምታነበው ለወሬው ብላ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ ለማየት ነው። ደህና ተደርጎ የተጻፈ ያገኘች እንደሆነ ያን ገጽ አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ትከትና ለመስታወቱ ሌላ ትገነጥላለች።

መስታወቱ ለደንበኛ ነው። ጉርድ ፎቶ ሊነሣ የመጣ ሰው እፊቱ ቆሞ ጸጉሩን ያበጥራል፤ ከአጠገቡ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን የጋራ ኮትና ከረባት ያጠልቃል፤ ነጩ ጨርቅ ፊት ባለው በርጩማ ላይ ይቀመጥና ይሞታል። ይሞታል የምትለው እሷ ናት። በሩ ላይ ሲስቅና ሲሳደብ የነበረ ሰው ካሜራ ሲያይ ትከሻው ወደ ላይ ይወጣል፣ አፉ ይገጥማል፣ ዓይኑ ሰው እንደሌለበት ቤት ይሆናል። እህተማርያም በኮምፒውተሯ ብጉር ታጠፋለች፤ ጠባሳ ትሸፍናለች፤ ፊት ታፈካለች። የሞተ ፊት ማስነሣት ግን አትችልም።

ድርሰቷም እንደዚያው ነበር። ለዘንባባ የኪነት ክበብ ቴአትር መጻፍ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። የክበቡ መሪ ጋሼ ምንይችል ናቸው፤ ሁለተኛ ደረጃ ሳለች አማርኛ ያስተማሯት፣ መጽሐፍ እያዋሱ ያስነበቧት፣ ነጥብ የት እንደሚገባ በቀይ እስክሪብቶ ያሳዩዋት እሳቸው ነበሩ። እህተማርያም የተማረችውን አልጣለችም። በድርሰቶቿ ውስጥ ሚስት ባሏን «ውድ ባለቤቴ ሆይ፣ ልብህ ከእኛ ርቋል» ትለዋለች። ዳንግላ ውስጥ ባሏን እንዲህ ብላ የምትጠራ ሚስት እስካሁን አልተገኘችም። ተመልካቹ ግን ጨዋ ስለሆነ ሲያልቅ ያጨበጭባል፤ በሰርግ ላይ የሽማግሌ ንግግር ሲያልቅ እንደሚጨበጨበው ማለት ነው። አንድ ክረምት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ግማሹ ሰው ተነሥቶ ወጣ።

በ2007 ዓ.ም. በጋ ላይ የጻፈችው ቴአትር ስለ አንድ ባልና ሚስት ነበር። ባልየው ሚስቱን ሳያማክር መሬታቸውን በሙሉ ዲከረንስ ይተክልበታል፤ ያ ለከሰል የሚሆነው፣ ዛሬ ተክለውት ነገ ከቤት በላይ የሚቆመው ዛፍ። ሚስት ድንች የምትተክልበት ጥግ ታጣለች። ከዚያ ወዲያ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ አይነጋገሩም። ታሪኩ የብዙ ቤት ታሪክ ነው። እህተማርያም ግን ጽፋ ስታነበው ሰዎቹ በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ የጋራውን ኮት ለብሰው፣ ትከሻቸውን ሰቅለው ታዩዋት።

በየካቲት አንድ ረፋድ ላይ አየነው መጣ። አየነው የባጃጅ ሾፌር ነው፤ በልጅነታቸው ከአንድ ቦኖ ውሃ ይቀዱ ነበር። መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ነው ፎቶ የፈለገው። ረጅም ነው፤ የፎቶ ቤቱን በር ጎንበስ ብሎ ነው የገባው።

«ኮቱን ልልበሰው?» አላት።

«እንደ ፈለግህ። እጅጌው ግን ክርንህ ላይ ነው የሚቀረው።»

«ለሰው ብለሽ የሰቀልሽው አይደለም እንዴ?»

«ለሰው ነው። ለዛፍ አይደለም።»

እየሳቀ ሄዶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ወዲያውም ሞተ። ፈታ በል አለችው። ትከሻውን ይበልጥ ሰቀለ። አገጭህን ዝቅ አድርግ አለችው። ጥርሱን ነከሰ። አንድ አነሣች፤ አየችውና አጠፋችው። ሁለተኛውንም አጠፋችው። ከዚያ ዓይኗን ከካሜራው ሳታነሣ፣ ከየት እንደ መጣ ሳታውቀው፣ አንድ ነገር ከአፏ ወጣ።

«አንተ ዲከረንስ! ድንጋይህን አስቀምጠህ ነው እንዴ የመጣኸው?»

የአየነው ፊት መጀመሪያ ደነገጠ። ቀጥሎ ከዓይኑ ዳር የሆነ ነገር ተፈታ፤ ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ሄደ፤ ሰፈሩን ያስቸግር የነበረው ልጅ ከበርጩማው ላይ ብቅ አለ። አነሣችው።

«ይህን ቃል ከየት አመጣሽው?» አለ። «እኔ እኮ ጨርሶ ረስቼው ነበር።»

«እኔም።»

«ክዳን የለሽስ? ክዳን የለሽ የምንላት ማን ነበረች?»

«እኔ ነበርሁ።»

«አዎን! አንች ነበርሽ! ለእናቴ ሁሉን ነገር የምትለፈልፊ!» ጉልበቱን መታ። ፎቶውን ባየ ጊዜ ግን አመነታ። «ትራፊክ ሲያስቆመኝ ይህን አይቶ የቀለድሁበት ነው የሚመስለው።»

«ሌላ ላንሣህ?»

ትንሽ አሰበና «ተይው» አለ። «እኔ ነኝ።»

ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ፎቶ ቤት ሥራ የለውም። እህተማርያም በሩን ገርበብ አድርጋ ተቀመጠችና ቦኖውን ማሰብ ጀመረች።

ያኔ ውሃ በቤት አልነበረም። ሰፈሩ በሙሉ የሚቀዳው ከአንድ ቦኖ ነው፤ ወረፋው ከጠዋት ይጀምርና ፀሐይ ሲበረታ ወደ አጥሮቹ ጥላ እየተጣመመ ይሄዳል። ጀሪካን ትቶ መጫወት አይቻልም፤ ይሰረቃል። ስለዚህ ወረፋ የሚይዘው ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ድንጋይ ነበረው፤ መልኩ ይታወቃል፤ በባለቤቱ ስም ይጠራል። ሰልፉ ፈቀቅ ሲል ከኋላ ያለው የፊተኛውንም ድንጋይ በእግሩ ገፋ ያደርግለታል። ተራው ሲደርስ «የእህተማርያም ድንጋይ!» ተብሎ ይጮኻል፤ ባለቤቱ «አለሁ!» ብሎ ካልመጣ ድንጋዩ ይዘለላል፤ አይወረወርም። የሰው ድንጋይ የወረወረ ልጅ በዚያ ቦኖ ሁለተኛ አይቀዳም።

ቃሎቹ የተወለዱት ከዚያ ነው። ክፍል ውስጥ ዓይኑን አፍጥጦ የማይሰማ ልጅ ድንጋዩን አስቀምጧል። ምሥጢር የማይቋጥር ክዳን የለሽ ነው። ቧንቧው ውሃ ጨርሶ ፉፉ ሲል ጀሪካኑን ይዞ የቆመ ልጅ አየር ይቀዳል፤ ከዚያ ወዲያ እናቷን ሳንቲም ለምና የተከለከለችም፣ ልጅ ወዶ የተጠላም፣ አየር ቀድቶ መጣ ተባለ። ፈረቃው ደርሶ ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ የሚወርደው ዝገት የቀላቀለ ቀይ ውሃ ነው፤ ይደፋል፤ የሚቀዳው ሁለተኛው ነው። ሰው ተናድዶ ክፉ ሲናገር ልጆቹ «አንደኛ ውሃው ነው፣ ይለፍ» ይሉ ነበር። በአንድ ክረምት ሽቅብ ተመዝዞ ሱሪው ያጠረበትን አየነውን ዲከረንስ ያሉት ያ ዛፍ በአገሩ ገና አዲስ ሳለ ነው። ከገጠር ዘመዶቻቸው ዘንድ የመጡ ልጆች ማን ይቅደም ለማለት በአውኚ ቋንቋ ይቆጥራሉ፤ የከተሞቹ ቁጥሩን ለምደው ትርጉሙን ሳያውቁ አብረው ይቆጥራሉ። እንዲህ እየተባለ ተኖረ። በኋላ ውሃው ወደ ግቢ ገባ፤ ልጆቹ አደጉ፤ ቃሎቹ ቀሩ።

ወረቀቱን አውጥታ «ውድ ባለቤቴ ሆይ» የሚለውን ሰረዘች። በላዩ «አንተ ሰውዬ፣ ድንጋይህን አስቀምጠህልን ነው የምትበላው» ብላ ጻፈች። ሚስትየው አንገቷን ቀና አደረገች። እህተማርያም ይህን በዓይኗ አየችው።

ከዚያ በኋላ ግን አበዛችው። በሁለተኛው ትዕይንት ሁሉም ሰው በቦኖ ቃል ይናገር ጀመር፤ አማትም፣ ቄሱም፣ ከሰል ነጋዴውም። ሳምንት ቆይታ ስታነበው ልጆች ትልልቅ ጫማ አድርገው የሚጫወቱ መሰላት። የተማረችው ነገር እዚህ ላይ ረዳት። ትዕይንቱን የሚለውጠውን ቃል ብቻ አስቀረች። አማትየዋ እዚያ ቦኖ አላደገችም፤ ከእሷ አፍ ሁሉንም አወጣች። ቄሱን ወደ ቄስ አማርኛው መለሰችው። ባልና ሚስቱ ግን አብሮ አደግ ናቸው፤ ሲጣሉ የልጅነት ቃላቸው ይወጣል፤ ሲስማሙም ያው። ርእሱን «ሁለተኛ ውሃ» አለችው።

ክበቡ ድርሰት አያባዛም። ልምምድ የሚደረገው ደራሲው እያነበበ፣ ተዋናዮቹ እየደገሙ ነው። ሚስቲቱን የምትሠራው ስሜነሽ ናት፤ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ ያደገችው አዘና አጠገብ ባለ ገጠር በአውኚ ነው፣ ዳንግላ የመጣችው ተድራ ነው። የባልየውን ቦታ ይዞ የነበረው ሰው ሥራ አግኝቶ ጫግኒ ስለ ሄደ እህተማርያም አየነውን አመጣችው።

ስሜነሽ ቃሏን ሰምታ ቆመች። «ይኼ ድንጋይ ደግሞ ምንድን ነው?»

እህተማርያም ነገረቻት።

«እንደሱ ከሆነማ» አለች ስሜነሽ፣ «የኔ ባል እስካሁን አጥር ክቧል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያን ቀን ሰዓቱ ካለቀ በኋላም የሄደ አልነበረም። አየነው መድረኩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ሲቆጣ ስሜነሽ «አንደኛ ውሃህ ነው፣ ይለፍ» ስትለው ጥግ ላይ የሚለማመደው የክበቡ ባለ ጊታር ሳይቀር መጫወቱን ትቶ አየ።

ጋሼ ምንይችል ከኋላ ወንበር ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠው ነበር። ሰዉ ሲበተን ጠሯት።

«ይህን የጻፈችው ማን ናት?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«እኔ ያስተማርኋት ናት፣ ወይስ ቦኖ ላይ የምትጋፋዋ?»

«ሁለታችንም ነን።»

አልሳቁም። «ስሚ፣ ልጄ። ይህ ቴአትር ለውድድር እንጅባራ ነው የሚሄደው። ከየወረዳው ሰው ይመጣል፤ ዳኞቹ ከባሕር ዳር ናቸው። የዳንግላ ሰው አማርኛ አይችልም ሲሉን መስማት ትፈልጊያለሽ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናቴ በአውኚ አፏን የፈታች ናት። መሬቷን ተቀምታ ፍርድ ቤት ቆማ በአማርኛ ስትናገር፣ ከችሎቱ በስተኋላ የተቀመጡት ሳቁባት። ልጅ ነበርሁ፤ ቀሚሷን ይዤ ቆሜ ነበር። ያን ቀን ነው ይህን ቋንቋ ማንም እንዳይስቅብኝ አድርጌ እማራለሁ ያልሁት። ተማርሁ። እናንተንም አስተማርሁ።»

እህተማርያም ይህን ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም። አንገቷን ደፋች። ግን እንዳጎነበሰች አልቀረችም።

«ጋሼ፣ በእናትዎ የሳቁት አማርኛ እናውቃለን የሚሉት ናቸው። ታዲያ ምነው ለእነሱ እንጽፋለን?»

«ለእነሱ አይደለም!»

«ለማን ነው?»

ወረቀቱን ተቀብለው ሄዱ።

በሳምንቱ መለሱላት። በቀይ እስክሪብቶ፣ በዚያው በምታውቀው ቀጥ ያለ ጽሕፈት አርመውታል። «ድንጋይህን አስቀምጠህ» የሚለው «ሐሳብህ ሌላ ቦታ ሆኖ» ተብሏል። «አየር ቀድቶ መጣ» የሚለው «ያሰበው ሳይሳካለት ተመለሰ» ሆኗል። «አንደኛ ውሃህ ነው፣ ይለፍ» የሚለው በነበረበት ቦታ «በንዴት የተናገርከውን አልቀየምህም» የሚል አለ። ርእሱንም «የትዳር ፈተና» ብለውታል።

እህተማርያም በሩን ዘግታ ድምፅ እያወጣች አነበበችው። ስሕተት ፈለገችበት፤ አላገኘችም። ግሡ ከባለቤቱ ይስማማል፤ ነጥቡ ቦታውን ይዟል። የስሜነሽን ድምፅ ግን በየትኛውም ገጽ ላይ መስማት አልቻለችም። ይህን ለብቻዋ ደጋግማ አየችው፤ ምክንያቱም እምቢ ማለት የሚያሳጣትን አሳምራ ታውቅ ነበር። ከተማሪነቷ ጀምራ የተመኘችው አንድ ነገር ነው፤ እንጅባራ ላይ፣ በሞላ አዳራሽ ፊት፣ ደራሲዋ እገሊት ናት ተብሎ ስሟ ሲጠራ መስማት። እሺ ካለች ይጠራል። ጋሼ ምንይችል ቃላቸውን አያጥፉም።

በማግስቱ ልምምድ ላይ፣ ሁሉም ባለበት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እንዲህ ሆኖ አይታይም» አለች።

ጋሼ ምንይችል መነጽራቸውን አወለቁ። «ክበቡ አንች ብቻ አይደለሽም።»

«አይደለሁም። ክበቡ ሌላ ይሥራ። ይኼ የኔ ነው፤ እንደ ጻፍሁት ይታያል።»

«አዳራሽ የለሽ፣ መድረክ የለሽ። የት ልታሳይው ነው?»

ይህን አላሰበችበትም ነበር። አፏ ግን ቀደማት፤ «ቦኖ ላይ።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። እህተማርያም ፊቷ ቀላ፤ ግን ከአፍ የወጣ አይመለስ። ቦርሳዋን አነሣች። አየነው የባጃጁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ተከተላት። ስሜነሽ በሩ ዘንድ ቆመች፤ ወዲያም አየች፣ ወዲህም አየች።

«አንችስ?» አሏት ጋሼ ምንይችል።

«ጋሼ፣ እኔ የመጀመሪያውን በቃሌ ይዤዋለሁ» አለች። «አዲስ ከማጥናት መሄድ ይቀለኛል።»

በዚያ ዓመት በጋው ጠንክሮ ነበር። ምንጩ ስለ ቀነሰ የየግቢው ቧንቧ ደርቋል፤ ውሃው በፈረቃ በየሰፈሩ ቦኖ እንዲታደል ተደርጓል። ስለዚህ እነ እህተማርያም ያደጉበት ቦኖ እንደ ገና ተከፍቷል፤ ወረፋውም ተመልሷል፤ ድንጋዩም ተመልሷል። የቦኖው ጠባቂ ያኔም የነበሩት እትዬ ወርቅአየሁ ናቸው፤ ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል፤ ድምፃቸው አልተለወጠም። እህተማርያም ሄዳ ለመነቻቸው።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ቴአትር ልንጫወት አስበን ነበር።»

«ምን? ጨዋታ? እኔ እዚህ ጨዋታ ሳስቆም ነው ያረጀሁት። አንችን ራስሽን ስንት ቀን አባረርሁሽ?»

«ብዙ ቀን።»

«አሁንም አባርርሻለሁ።»

«ያባርሩኝ። ከዚያ በፊት ግን ይዩን።»

እትዬ ወርቅአየሁ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ዕድሜ ለሰው ጨምሮ ለአንች ቀነሰ እንዴ? ስሚ፤ ሰልፉን አትነኩም። የሰው ድንጋይ አትረግጡም። ቧንቧው አጠገብ ድርሽ አትሉም። አንድ ሰው ተራዬ አለፈኝ ቢል በውሃ ነው የማባርራችሁ።» ቀና ብለው የደረቀውን ሰማይ አዩ። «በውሃ ይቅር። በዱላ ነው።»

ቅዳሜ ወረፋው ከቦኖው ተነሥቶ የወፍጮ ቤቱን አጥር አልፎ ይሄዳል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ ሴቱ፣ ወንዱ፣ ጋሪ የያዘው። ከመሐል ጋሼ ምንይችል ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቢጫ ጀሪካን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ ፈረቃ ለማንም አያዳላም። እህተማርያም አየቻቸው፤ በአክብሮት እጅ ነሣች፤ እሳቸውም መለሱላት። ከዚያ የአማትየዋን፣ የቄሱንና የነጋዴውን ቦታ ራሷ ይዛ ጀመሩ።

መጀመሪያ ማንም አልሰማም። ሰዎቹ የእውነት ጠብ መስሏቸው «ኧረ ገላግሏቸው» ያለ ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው አየነውን በትከሻው ያዙት። «አያ፣ ቴአትር ነው» ሲላቸው «ቴአትርም ቢሆን ሚስት አትመታም» አሉት። «አልመታኋትም እኮ!» «ልትመታት ነበር፤ ዓይንህ ያስታውቃል።» ሰልፉ ሳቀ። ያን ጊዜ ነው መስማት የጀመረው።

ችግሩ ሰልፉ መሄዱ ነው። ከፊት ያለው ቀድቶ ሲወጣ የኋለኛው ፈቀቅ ይላል፤ ተመልካቹ ከመድረኩ ይሸሻል። ስሜነሽ አንዱን ንግግር እዚህ ጀምራ እዚያ ትጨርሰዋለች፤ አየነው ወደ ኋላ እየተራመደ ይቆጣል። እህተማርያም ከጎናቸው እየሄደች ሰው እንዳይረግጡ ታያለች።

«ኧረ አታፍሩም እንዴ!» አለች ጀርባዋ ላይ ሕፃን ያዘለች አንዲት እናት። «ልጆቻችንን እንዲህ አትበሉ እያልን የምንቆጣውን፣ እናንተ ትልልቆቹ አደባባይ አወጣችሁት?»

«እቱ፣ እኛም ተቆጥተውን ነበር» አለቻት እህተማርያም። «ግን አልተውነውም።»

«ደግሞ አላፈረችም!»

«አላፈርሁም።»

ከወደ ኋላ አንዲት ሌላ ሴት «እኛ እኮ አየር ቀዳ አንልም ነበር፤ ቧንቧ ሳለበት ነበር የምንል» አለች። «የላይ ሰፈር ናችኋ!» ብሎ አንዱ መለሰላት። ክርክሩ በሰልፉ ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም ሄደ። ጋሼ ምንይችል ወደ ፊት ብቻ ይመለከታሉ።

ስሜነሽ የመጨረሻው ጠብ ላይ ስትደርስ ነገሩ ተበላሸ። ባልየው ከመሬቱ ጥግ አንዱን የዲከረንስ ችግኝ ነቅሎ ይመጣል፤ ሚስትየው አታይም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትናገረው። ስሜነሽ ድምፅዋን አላነሣችም፤ እንዲያውም ቀነሰችው። የሚሰማት ቅርብ ያለው ብቻ ስለሆነ ሌላው ዝም አለ። ቧንቧው ዘንድ ያለችው ቀጂም አንገቷን አዙራ ትሰማ ጀመር። ጀሪካኗ ሞላ። ፈሰሰ። ውሃው በድንጋዮቹ መሐል እየተጥመለመለ ወረደ፤ ማንም ልብ አላለም።

«ውሃ!» አሉ እትዬ ወርቅአየሁ፤ ጩኸታቸው የወፍጮ ቤቱን ሰው አስወጣ። «በዚህ ድርቅ! ውሃ አስደፋችሁብኝ!»

እህተማርያም ቆመች። ልትባረር እንደሆነ ገባት፤ የቀራቸው አንድ ትዕይንት ነበር። ወደ ኋላ ግን አላለችም፤ በሰልፉና በአሮጊቷ መሐል ገብታ ቆመች።

«እትዬ፣ ልንጨርስ ነው።»

«ወይ እናንተ ወይ ውሃው! ሁለቱ አብሮ አይሆንም!»

«እንጨርሳለን።»

እትዬ ወርቅአየሁ ዱላቸውን አነሡ። ሰልፉን አዩ፤ ከሰልፉ የሚያግዛቸው አልነበረም፤ ሁሉም ስሜነሽን ነው የሚያየው። ዱላውን አወረዱትና ዞረው ቧንቧውን ጥርቅም አድርገው ዘጉት።

«እትዬ፣ ተራዬ እኮ ነው!» አለ ባለ ጋሪው።

«ጥም የያዘው ከሞላው ጀሪካን ይጠጣ። ቀጂ ግን ይጠብቃል።» በቧንቧው አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ወደ ስሜነሽ በዱላቸው ጠቆሙ። «በይ ጨርሽና ልክፈት! ከዚያስ ምን አለችው?»

ሰልፉ ቆመ፤ ተመልካቹም ከመድረኩ አልሸሸም። ስሜነሽ የቀረውን ቃሏን ጨረሰች፤ አየነው የነቀለውን ችግኝ እግሯ ሥር አኖረ። ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ሰዉ እርስ በርሱ ማውራት ጀመረ፤ ስለ ቴአትሩ ሳይሆን ስለ ባልየው፤ ይቅር ይባላል አይባልም እያለ። ሕፃን ያዘለችው እናት «አልለውም!» ብላ ጮኸች። እህተማርያም ይህን ከየትኛውም ጭብጨባ ይልቅ አጥብቃ ሰማችው።

ጋሼ ምንይችል ተራቸው ደርሶ ቀዱ፤ ክዳኑን ገጠሙ፤ ወደ እሷ መጡ።

«ሁለተኛው ትዕይንት ረዝሟል» አሏት።

«አዎን፣ ረዝሟል።»

«ቄሱ ጥሩ ነው።» ጀሪካኑን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «ለእንጅባራ ግን አይሆንም። አሁንም አይሆንም።»

«ለእንጅባራ አልጻፍሁትም ጋሼ።»

«ስምሽ አይጠራም እንግዲህ።»

«አይጠራ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስማማት ይሁን ማዘን አልለየችውም። አየነው ጀሪካናቸውን ተቀብሎ ባጃጁ ላይ ጫነላቸውና ወደ ቤታቸው ወሰዳቸው።

ሰኞ ክበቡ በሌላ ድርሰት ልምምድ ጀመረ፤ እንጅባራ የሚሄደውም በዚያ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ የውሃ ፈረቃው የላይ ሰፈር ነው። እነ እህተማርያም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚያ ይጫወታሉ።